ብራናው ይቆየናል፤ ካሴቱ ግን አይጠብቀንም

ሰሞኑን የክልልና የዞን መዛግብትን፣ ካርታዎችንና የድምፅ ቅጂዎችን በዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ማስቀመጥን አጥብቆ የሚቃወም አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ለመዛግብት የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ከእያንዳንዱ አንቀጽ ይታያል፤ ዝም ብዬ ለማለፍ የከበደኝም ለዚሁ ነው። የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ብራና ከሺህ ዓመት በላይ ሲኖር ኮምፒውተር በአሥር ዓመት ያረጃል፤ ሰነዶቻችንን ፎቶ አንስተን ኢንተርኔት ላይ ስናወጣ ቅርሳችንን ለባዕድ አሳልፈን እንሰጣለን፤ የቆዩ ካርታዎች ለሕዝብ ከቀረቡ የወሰን ጠብ ይቀሰቅሳሉ፤ የሚበጀው ሁሉንም አዲስ አበባ አምጥቶ በአንድ ጠንካራ ሕንፃ ማኖር ነው፤ የዘፈንና የቀረርቶ ቅጂ በዩቲዩብ ሞልቷል፤ ገንዘቡ ለትምህርት ቤት ወንበር ቢውል ይሻላል። በማጠቃለያቸውም በየዞኑ ደህና ሕንፃ እስኪሠራ ድረስ ሥራው ይቆይ ብለዋል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ዋናው ሰነድ ባለበት ይቆይ፤ ቅጂው አሁኑኑ ይነሳ፤ ከቅጂዎቹም የመጀመሪያው ለሰነዱ ባለቤት ይሰጥ። ጸሐፊው ከፈሯቸው ነገሮች አብዛኞቹ የሚደርሱት ይህ ሦስተኛው ሲጓደል ነው እንጂ ካሜራ ወደ መዝገብ ቤት ስለገባ አይደለም።

ከብራናው ልጀምር። ዓድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት በካርቦን የዕድሜ መለኪያ ሲመረመሩ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። ይህን ያህል ዕድሜ የቆየ የኮምፒውተር ፋይል እንደሌለ እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን በዞንና በወረዳ መዝገብ ቤት ያለው ብራና አይደለም። የቀድሞ አውራጃ አስተዳደር ፋይል ገልጦ ያየ ሰው የምለውን ይረዳል። ከላይ በታይፕ የተመታው ደብዳቤ አለ፤ ከሥሩ ሐምራዊው የካርቦን ግልባጭ፤ ኅዳጉ ላይ አስተዳዳሪው በእጃቸው የጻፉት ምሪት፤ ከጀርባው ደግሞ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ያሰፈረው ገቢ ቁጥርና ቀን። ወረቀቶቹን አንድ ላይ የያዘው ስፒል ዝጎ ቡናማ ምልክት ጥሎባቸዋል፤ በዝገቱ ዙሪያ ያለው ወረቀት ሲነኩት ይፈረፈራል። የካርቦኑ ጽሑፍ ከዓመት ዓመት እየደበዘዘ ነው። በኋለኞቹ ዓመታት ፋይሎች ውስጥ የገባው የፋክስ ወረቀት ደግሞ በሙቀት የሚጻፍ ስለሆነ፣ ብዙው ዛሬ አንድ ፊደል የማይነበብበት ባዶ ወረቀት ሆኗል።

በእንደዚህ ዓይነት ፋይል ውስጥ ያለው የመሬት ግብር አቤቱታ፣ የግጦሽ መሬት ጠብ፣ የትምህርት ቤት ይከፈትልን ጥያቄ፣ የአንበጣና የድርቅ ወሬ ነው። አንድ ወረዳ ከመንግሥት ጋር የተጻጻፈው ቃል ሌላ የትም አይገኝም። ጸሐፊው የብራናን ጥንካሬ ምስክር አድርገው ሲያቀርቡ፣ ምስክሩ የሚመሰክረው ለሌላ ሰነድ መሆኑን ልብ አላሉትም።

ኮምፒውተር ያረጃል በማለታቸው ግን እስማማለሁ፤ እንዲያውም ከጻፉት በላይ ልክ ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲጻፉ በሚያደርገው የጋራ ሥርዓት) የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ ይሠራበት የነበረው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሁሉ ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በራሱ መንገድ ደርድሮ ነበር። የዚያን ዘመን ፋይል ዛሬ ስንከፍተው የላቲን ፊደላትና የሥርዓተ ነጥብ ምልክቶች ዝብርቅ ይመጣል። ቃለ ጉባኤው አለ፤ የሚያነበው ግን የለም። ዲጂታል ስለሆነ ብቻ ይቆያል የሚል ሰው ካለ ይህን ይመልከት።

ታዲያ መድኃኒቱ ሥራውን መተው ነው? አይደለም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ፋይሉን የአንድ ኩባንያ ምሥጢር ባልሆነ፣ ብዙዎች በሚያውቁት ቅርጽ ማስቀመጥ፤ ከሁለት በላይ ቅጂ ማድረግና ቢያንስ አንዱን በሌላ ከተማ ማኖር፤ ለእያንዳንዱ ፋይል ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ቁጥር ይዞ በየጊዜው ፋይሉ አለመበላሸቱን ማረጋገጥ፤ ቴክኖሎጂው ሲለወጥም ወደ አዲሱ ማዛወር። ይህ ለእኛ እንግዳ አሠራር አይደለም። የገዳማቱ መጻሕፍት እስከ ዛሬ የደረሱት ቆዳው ጠንካራ ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ ያረጀው በአዲስ ብራና እየተገለበጠ ነው። ከአባ ገሪማ ወንጌላት ዘመን አንሥቶ የተጻፉት መጻሕፍት አብዛኞቹ የጠፉ ሲሆን፣ ይዘታቸው የተረፈልን ጸሐፍት ትውልድ ተቀባብለው ስለገለበጧቸው ነው።

በቅርቡ ዘመን የሆነውንም እንይ። እ.ኤ.አ. በ1973 መንበረ ፓትርያርኩ በአሜሪካ ከሚገኙት ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ካለው የሂል የብራና መጻሕፍት ማኅደር ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመረ። ሥራው አብዮቱንም ጦርነቱንም አልፎ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ቀጠለ፤ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትም ተነሡ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እነዚህን መጻሕፍት እያነበቡ ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን አሳልፈዋል። ማይክሮፊልም ዛሬ ያለፈበት መሣሪያ ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ በቀይ የተጻፈው የቅዱሳን ስም ከጥቁሩ ጽሑፍ በቀለም አይለይም፤ የሥዕሎቹም መልክ ጠፍቷል። ይሁን እንጂ ፊልሙ ወደ ዲጂታል ተዛውሮ ዛሬ ጎንደር ያለ ተማሪ በስልኩ ያነበዋል። መሣሪያው አረጀ፤ ይዘቱ ግን ተሻገረ። በዚያን ጊዜ «ማይክሮፊልም ያረጃልና እንቆይ» የሚል ምክር ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ከእነዚያ መጻሕፍት መካከል በኋላ የጠፉት ዱካቸው እንኳ አይገኝም ነበር።

ሁለተኛው ነጥባቸው የባዕድ እጅ ነው። ይህን ሥጋት ከማንም በላይ እረዳለሁ፤ ምክንያቱም በታሪካችን የደረሰ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ ብዙ መጻሕፍት ይዞ ሄደ። ፈረንሳዊው አሳሽ አንቷን ዳባዲ የሰበሰባቸው ከ200 በላይ መጻሕፍት ፓሪስ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉት መጻሕፍት በመቶ የሚቆጠሩት ለንደን ገቡ። እነዚህ ሁሉ ሲወጡ ግን አንድም ገጽ ፎቶ አልተነሳም ነበር። የሄደው ዋናው ራሱ ነው፤ እዚህ የቀረ ቅጂ ስላልነበረም ባለቤቶቹ ምን እንደጠፋባቸው ዘርዝረው ማሳየት አልቻሉም።

ቅጂ ሲኖር ምን እንደሚሆን ደግሞ ደብረ ሊባኖስ ይመስክር። በዋሽንግተን የሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ሰብሳቢ በስጦታ ባገኛቸው የኢትዮጵያ ጽሑፎች መካከል አንድ ጥንታዊ የገድል መጽሐፍ ነበረ። መጽሐፉን ያጠኑት ሊቃውንት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደብረ ሊባኖስ ገዳም ከተነሣው ማይክሮፊልም ጋር ሲያስተያዩት ያው መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2016 መጽሐፉን ለገዳሙ መለሰ። የዚያ መጽሐፍ የባለቤትነት ማስረጃ ፎቶው ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከገዳማት የወጡ ናቸው የተባሉ የብራና መጻሕፍት በኢንተርኔት ገበያ ለሽያጭ ሲቀርቡ አይተናል። ፎቶው ተነሥቶ የተቀመጠ መጽሐፍ ሻጩን ያስፈራዋል፤ ያልተነሳው ግን የማን እንደሆነ ማን ይናገርለታል?

እዚህ ላይ ጸሐፊውን የምደግፍበት አንድ ነገር አለ። ሰነድ አንስተው ሲሄዱ «ቅጂውን በዲስክ እንልክላችኋለን» ብለው ቃል የገቡና የውኃ ሽታ የሆኑ ሰዎች አሉ። የደብሩ አለቃ ወይም የመስጊዱ ኃላፊ ለዓመታት ሲጠብቁ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ ሰው በካሜራ ሲመጣ በሩን ቢዘጉበት አልፈርድባቸውም። ይህ በደል ነው፤ መታረምም አለበት። የሚታረመው ግን በውል ነው። የብሪቲሽ ላይብረሪ (የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) በአደጋ ላይ ላሉ መዛግብት በሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ደንብ መሠረት ዋናው ሰነድ ከአገር አይወጣም፤ ቅጂውም በዚያው አገር ባለ ተቋም መቀመጥ አለበት። እኛ ከዚህ አልፈን ቅጂው በዚያው ወረዳ ይቀመጥልን ማለት እንችላለን፤ ማለትም አለብን።

ይህን የምለው ለክብር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ያው የብሪቲሽ ላይብረሪ በኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ተመትቶ በዲጂታል ያስቀመጣቸው የብራና ጽሑፎች ለብዙ ወራት ከአንባቢ ተሰወሩ። እዚያ ያለውን ብቻ ተማምኖ የተቀመጠ ተመራማሪ እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። ቅጂው በየአገሩ ያለው ግን ሥራው አልተቋረጠበትም።

ስለ ካርታ ያነሱት ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል፤ ብዙ ሰው በልቡ የሚያስበው ስለሆነ። የቆየ ካርታ ሲወጣ የወረዳና የዞን ወሰን ጠብ ይነሣል፣ ስለዚህ ተቆልፎ ይቀመጥ ይላሉ። ካርታው መች ተቆልፎ ተቀመጠ? ከአንድ ትልቅ ካርታ አንድ ጥግ በስልክ ተነሥቶ፣ ማን እንዳዘጋጀው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደታተመ፣ መጠነ ልኬቱ ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ ከስልክ ስልክ እየተላለፈ ነው። ጠብ ፈላጊው የሚፈልገውን ቆርጦ ያወጣል። ያንን የሚያስተካክለው ሙሉው ሉህ ነው፤ ኅዳጉ ላይ አሳታሚው፣ ዓመቱ፣ ምልክቶቹና ማስታወሻው ሁሉ ያለበት። በብዙ ካርታዎች ኅዳግ ላይ የአስተዳደር ወሰኖቹ ሕጋዊ ማረጋገጫ አይደሉም የሚል ማሳሰቢያ ተጽፏል። ጠብ አጫሪው መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህንኑ ነው።

ወሰን ሲከራከሩ ካርታ መደበቅ ምንም እንደማይጠቅም ሄግ ላይ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2002 የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ውሳኔውን ሲሰጥ በ1900፣ በ1902 እና በ1908 (እ.ኤ.አ.) በተፈረሙት ውሎች ላይ ተመሥርቶ ነው፤ የ1900ው ውል ደግሞ መስመሩን የሚያሳየው ከውሉ ጋር በተያያዘ ካርታ ላይ ነው። በውሳኔው ማንም ይስማማ አይስማማ፣ ክርክሩ የተካሄደው ወረቀት ከወረቀት፣ ካርታ ከካርታ ጋር ተያይቶ ነበር። ካርታውን በሥርዓት ያልያዘ ወገን እንዲህ ያለ ቦታ ሲቀርብ የሚናገረው ያጥረዋል። በወረዳ ደረጃም ያው ነው።

ደግሞስ ካርታና የአየር ፎቶ የወሰን ነገር ብቻ ነው? እ.ኤ.አ. በ2014 በአዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ማከማቻ ውስጥ ጣልያኖች ከ1935 እስከ 1941 ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶግራፎች ተገኙ። ስምንት ሺህ ከሚበልጡ ጠንካራ ጣውላ መሰል ሰሌዳዎች ላይ የተለጠፉ ናቸው። አንዱን ሰሌዳ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት አራት ፎቶዎች ጎን ለጎን አሉበት፦ አንዱ በቀጥታ ወደ ታች የተነሣ፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ዘንበል ብለው የተነሡ፣ አራተኛው ይበልጥ ዘንብሎ እስከ አድማስ የሚያይ። አራቱም በአንድ ቅጽበት የተነሡ ስለሆኑ አንድን ሸለቆ ከወንዙ እስከ ሩቁ ተራራ ያሳያሉ። ሰሌዳዎቹ ተሰብስበው በስካነር ተነሡ፤ ተመራማሪዎችም ከዛሬ የሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩአቸው። በደቡብ ጎንደር የ1938ቱን ፎቶ ከ2015ቱ ጋር ያነጻጸረ ጥናት፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ደን በአብዛኛው ይዞታውን እንደጠበቀ፣ በዙሪያው የነበረው ቁጥቋጦ ግን እየጠፋ ደኑ በእርሻ እንደተከበበ አሳይቷል። የት መትከል፣ የቱን ቦረቦር መድፈን እንደሚያስፈልግ ለሚያስብ የግብርና ባለሙያ ከዚህ የበለጠ ሰነድ የለም። ለሰማንያ ዓመት ገደማ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ለሥራ የዋለው ሲነሣና ሲዘረዘር ነው።

የወሰን ሥጋት ያለበት ሰነድ ካለ ማን እንዳየው ተመዝግቦ በንባብ ክፍል ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ፎቶ ማንሳትና ለሁሉ መልቀቅ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ የጸሐፊው ክርክር ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚሄደው።

ሁሉም አዲስ አበባ ይምጣ ስለሚለው ብዙ አልልም። ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱ፣ በ1936 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ የሠራው ሥራ ትልቅ ነው፤ ከሀብቶቹ የተመረጡት እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ትዝታ መዝገብ ገብተዋል። ግን የአንድ ሕንፃ ጥንካሬ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ከተራራ የተነሣ ሰደድ እሳት የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲን የአፍሪካ ጥናት ስብስብ የያዘውን የጃገር ንባብ ክፍል አቃጠለው፤ በአህጉራችን ከታወቁት ስብስቦች አንዱ ነበር።

ሌላው ምክንያት ከእሳትም ይበልጥብኛል። ሰነድን ማንበብ የሚችለው ሰው ብዙ ጊዜ ያለው ሰነዱ ባለበት ነው። ሐረርን ተመልከቱ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የከተማቸውን ቅርስ መሰብሰብ የጀመሩት በራሳቸው ቤትና በራሳቸው ገንዘብ ነው፤ ዛሬ በስማቸው በሚጠራው ሙዚየም የብራናና የወረቀት መጻሕፍት፣ ሳንቲሞችና አልባሳት፣ የድሮ የሐረሪ ዘፈን ቅጂዎችም አሉ። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የሐረሪ ግጥም፣ በኅዳጉም የቤተሰብ የልደትና የሞት ቀን ያለበት መጽሐፍ አዲስ አበባ ቢመጣ፣ ዝርዝር የሚያዘጋጀው ባለሙያ «ልዩ ልዩ ጸሎት» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሐረር ውስጥ ግን የዚያ ቤተሰብ ልጅ ስሞቹን አንድ በአንድ ይነግራችኋል። ምስሉ በዲጂታል ለአዲስ አበባም ለሐረርም ሲደርስ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ዋናው ሲነሣ ግን አንዱ ይጎዳል።

ወደ ድምፅ ቅጂዎች ስመጣ ትዕግሥቴ ያልቃል። «በዩቲዩብ ሞልቷል» የሚለው ቃል ካሴት በእጁ ይዞ ከማያውቅ ሰው ቢመጣ እረዳ ነበር። እዚያ ያለው ታዋቂው ዘፈን ነው፤ ያውም ድምፁ ተጨምቆ፣ የቀረጸው ሰው፣ ቦታውና ዓመቱ ሳይጻፍ። ነገ ባለመብት ነኝ የሚል ሰው ካመለከተ ወይም ያወጣው ሰው ገጹን ከዘጋ ይጠፋል። በየቤቱ፣ በየባህል ቢሮውና በየወረዳው ማስታወቂያ ጽሕፈት ቤት ካርቶን ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው፦ በሠርግ ላይ አዝማሪው የሙሽራውን ዘር ቆጥሮ ያወደሰበት፣ ሽማግሌው ስለ ጣልያን ወረራ ዘመን ለልጅ ልጃቸው የተናገሩት፣ በለቅሶ ቤት አልቃሿ የሟችን ታሪክ በሙሾ ያወረደችበት፣ የመንዙማ ሌሊት፣ የሽምግልና ጉባኤ። በካሴቱ ሽፋን ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው «የአጎቴ ድምፅ» ብቻ ይሆናል። የየትኛው አጎት እንደሆነ የሚያውቁት ሰዎችም እያለፉ ነው።

ቴፕ ይበላሻል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ማጫወቻው ከቴፑ ቀድሞ እንደሚጠፋ ነው። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና ምስል መዛግብት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 የማግኔት ቴፕ ማስጠንቀቂያ ብለው ያሰራጩት መልእክት፣ የሚሠራ ማጫወቻና መለዋወጫው እየጠፋ በመሆኑ ከ2025 ገደማ በኋላ በቴፕ ላይ የቀረ ድምፅ ጨርሶ ላይሰማ እንደሚችል ነበር። ያ ዓመት አልፏል። ሻጋታ የያዘው ወይም ማጣበቂያው የላላ ቴፕ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ሊጫወት ይችላል፤ ስለዚህ ያቺ አንድ ጊዜ በስልክ ማይክሮፎን ልትባክን አይገባም። ባለሙያዎቹ የሚመክሩት ድምፁ ሳይጨመቅ በከፍተኛ ጥራት፣ ማለትም በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ፣ እንዲቀዳ ነው። ለአድማጭ የሚቀርበው ትንሽ ፋይል ከዚያ በኋላ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 የሪዮ ዴ ጄኔሮ ብሔራዊ ሙዚየም ሲቃጠል፣ የአገሬው ተወላጅ ሕዝቦች የቋንቋ ቅጂዎች አብረው ተቃጠሉ፤ ከእነዚያ ቋንቋዎች የአንዳንዶቹ ተናጋሪ በሕይወት የለም። እኛም አገር ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ የሚናገሯቸው ቋንቋዎች አሉ። ኦንጎታን የሚናገሩት በጣት የሚቆጠሩ አረጋውያን ናቸው።

ስለ ገንዘቡ። ወንበር የሌለው ትምህርት ቤት እንዳለ እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን መዝገብ ቤቱ ለተመራማሪ ብቻ የቆመ አይደለም። ጡረታ ሊወጣ የአገልግሎት ዘመን ማስረጃ የሚፈልግ መምህር፣ የአባቱን የግብር ደረሰኝ የሚፈልግ ገበሬ፣ የተወሰነለትን ፍርድ ግልባጭ የምትፈልግ ሴት በየቀኑ በዚያ በር ላይ ቆመው «የሞተ ፋይል ውስጥ ነው፣ አልተገኘም» ተብለው ይመለሳሉ። መዝገቡ ተነሥቶና ተዘርዝሮ ቢሆን ሥራው የደቂቃዎች ነበር።

ለማንሳት የሚያስፈልገውም ያን ያህል አይደለም፦ ካሜራ፣ ካሜራውን ወደ ታች አድርጎ የሚይዝ ማቆሚያ፣ ሁለት መብራት፣ የቀለም ሰሌዳና ማስመሪያ፣ ኮምፒውተርና ዲስኮች። ስፒሉ በጥንቃቄ ይነቀላል፤ ፋይሉ ቁጥሩን እንደያዘ ከሽፋኑ ጀምሮ ይነሣል፤ የገጹ ጀርባ ባዶ ቢመስልም ይነሣል፤ ምሪቱና ገቢ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነውና። ውዱ ነገር የሰው ጊዜ ነው። ፎቶው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ዝርዝሩ ሳምንታት ይፈጃል። ማን ለማን ጻፈ፣ ስለ ምን፣ ቀኑ በኢትዮጵያ ነው በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ቦታው ያኔ ማን ይባል ነበር፣ ዛሬስ? ናዝሬት ብሎ የፈለገም አዳማ ብሎ የፈለገም ያንኑ ፋይል ማግኘት አለበት፤ «ዓለሙ» ብሎ የጻፈና «አለሙ» ብሎ የጻፈም እንዲሁ። ይህ ካልተሠራ የሚቀረው አንድ ሚሊዮን ስም የለሽ ፎቶ ነው። ጸሐፊው ገንዘብ ይባክናል ሲሉ ይህን ዓይነቱን ሥራ አይተው ከሆነ ቅሬታቸውን እጋራለሁ፤ በጀቱ ሁሉ ለስካነር ወጥቶ ለዝርዝር አዘጋጅ አንድ ብር ያልተመደበበት ፕሮጀክት ከመጀመሪያው ባይጀመር ይሻላል። ለሥራው ሰው ግን አለን፤ የታሪክና የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ተመራቂዎች በየክልሉ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ ሊያነሡት ግን ይገባ የነበረ ነገር ደግሞ የሰው ምሥጢር ነው። በፋይሎቹ ውስጥ የሕክምና ወረቀት፣ የፍቺ ክርክር፣ በደርግ ዘመን ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የሰጠው ጥቆማ አለ። እነዚህ ይነሡ፤ ባለጉዳዮቹ ወይም ልጆቻቸው በሕይወት እስካሉ ግን ይዘጉ። አንድ ገዳም ወይም አንድ ቤተሰብ ጽሑፉ ለሁሉ እንዲታይ ካልፈቀደም ፈቃዱ ይከበር። በየትኛውም የስምምነት ወረቀት ላይ ይህ በግልጽ ተጽፎ ባለቤቱ በሚያነበው ቋንቋ መቅረብ አለበት።

በመጨረሻ፣ ሕንፃ እስኪሠራ ይቆይ የሚለው። ሕንፃው ይሠራ፤ እኔም ጥያቄው ላይ እፈርማለሁ። እስከዚያ ግን የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ሥራውን አያቆምም። ክፍሉ ለሌላ ሥራ ሲፈለግ አሮጌው ፋይል በኩንታል ይወጣል፤ የስኳርና የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ያየነው ያ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ብናደርገው፦ መጀመሪያ ቴፕና ካሴት፣ ማጫወቻ የሚጠግን ባለሙያ በሕይወት እያለ፤ ቀጥሎ የፋክስ ወረቀቱና የካርቦን ግልባጩ፣ ከእነርሱም ጋር በአሮጌ ፕሮግራም የተጻፉት የኮምፒውተር ፋይሎች፤ ከዚያ ካርታዎቹና የአየር ፎቶዎቹ፤ ከዚያ የታይፑ ደብዳቤና የግብር መዝገቡ። ብራናው በደረቅ ቦታ ከተቀመጠና ከሌባ ከተጠበቀ መጨረሻ ላይ ቢደርሰው ይችላል።